መኪና ስለሚግል የተወለደ ሆቴል

ከቦርደዴ በኩል የሚመጣ የጭነት መኪና ሜዳው ላይ እያለ ይዘፍናል፤ አቀበቱን ሲጀምር ያቃስታል፤ እኛ ደጅ ሲደርስ ግን ያለቅሳል። ለማሳመር ብዬ አይደለም፤ ከተወለድኩ ጀምሮ የሰማሁት ነው። አሰበ ተፈሪ ሊገባ ሲል ካለው የመጨረሻው ጠመዝማዛ ላይ፣ ሞተሩ እንደ ድስት እየተንተከተከ፣ ከአፍንጫው ነጭ እንፋሎት እየተፋ ብቅ ሲል፣ ከቤታችን መጀመሪያ ያየው ሰው «ቢሻን!» ብሎ ይጮኻል። በኦሮምኛ ውሃ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ሥራ ይዣለሁ፣ ጢሜን እየተላጨሁ ነው፣ ፈተና አለብኝ የሚባል ነገር የለም። ሁላችንም በር ላይ ወዳለው በርሜል እንሮጣለን። አንዱ እርጥብ ጆንያ የራዲያተሩ ክዳን ላይ ያለብሳል፣ አንዱ በጣሳ ይቀዳል፣ አንዱ ከጎማው ሥር ድንጋይ ይደግፋል። ሹፌሩን እንኳ ሰላም የምንለው መኪናው ጠጥቶ ሲያበቃ ነው።

ይህን ሥርዓት ያወጡት አያቴ ናቸው። ሆቴል እንሠራለን ብለው አልነበረም። ከተራራው ምንጭ በቦይ ውሃ ስበው አንድ የዘይት በርሜል ደጃቸው አቆሙ፤ በቃ። ሹፌሮች ሊከፍሏቸው ሲሉ «ውሃው የአላህ ነው፤ የእኔ በርሜሉ ብቻ ነው» ይሉ ነበር አሉ። ግን የጋለ ሞተር ቶሎ አይበርድም። እስኪበርድ ሹፌሩ ይቀመጣል፤ የተቀመጠ ሰው ሻይ ያምረዋል፤ ሻይ የጠጣ ሰው ይርበዋል፤ የበላ ሰው ደግሞ፣ በተለይ ጉሙ ወርዶ መንገዱ ሲጠፋ፣ መኝታ ይጠይቃል። ሌላው ሰው ሆቴል የሚሠራው ገንዘብ ስላለው ነው። የእኛ የተወለደው መኪና ስለሚግል ነው!

ክፍሎቹ አሥር ናቸው። ሰው በተጨናነቀ ቁጥር አንድ አንድ እያሉ ስለተቀጠሉ አንዱ በር ጠባብ ነው፣ አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ደግሞ ረጅም ሰው ጎንበስ ሳይል የማይገባበት። ቁጥር ኖሯቸው አያውቅም። ያላቸው ስም ነው። የመጀመሪያው «የሹፌሩ» ይባላል፤ መኪናው ተሰብሮበት መለዋወጫው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሁለት ወር የቆየ ሹፌር ከአያቴ ጋር ጭቃ እያቦካ የሠራው ነው፤ በሩም ከራሱ መኪና ጎን የተነቀለ ሳንቃ ነው። «የሙሽሮቹ» አለ፤ ከገለምሶ ሲመጡ መኪናቸው እዚህ የተበላሸባቸው ሙሽሮች የጫጉላቸውን የመጀመሪያ ሳምንት ያሳለፉበት። «የዝናቡ» አለ፤ ያው፣ ጣራው ያፈሳል። «የአዋላጇ» ደግሞ ከሸዋ ተመድባ የመጣች አዋላጅ ለሦስት ዓመት የኖረችበት ነው። እኔ የተወለድኩት እዚያ ውስጥ ነው፤ እናቴ ምጡ ሲፋጠንባት ጤና ጣቢያ ከመሄድ ግቢውን ማቋረጥ ይቀላት ነበር። እንግዲህ እኔ ሆቴል ገብቼ እስካሁን ያልወጣሁ እንግዳ ነኝ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ታሪክ ወረቀት ላይ አልነበረም። ጉዱም የመጣው ከዚያ ነው።

አምና ክረምቱ ሲወጣ ከቀበሌ ደብዳቤ መጣ። አባቴ አማርኛ እንደ ውሃ ይናገራል እንጂ ማንበቡ ላይ ቀስ ነው፤ ስለዚህ እኔ አነበብኩለት። በመዝገብ ላይ የተገኘው የአያቴ ፈቃድ «ሻይ ቤት፣ አንድ ክፍል» ይላል አለ ደብዳቤው። እውነት ነው፤ ያኔ አንድ ክፍል ነበር። ኋላ ክፍሉ ሲጨመር ማንም ሄዶ አላስመዘገበም። እና ቤቱ ሻይ ቤት ከሆነ፣ አሥሩ የመኝታ ክፍል ምንድን ነው? ትርፍ ቤት ነዋ። ትርፍ ቤት ደግሞ የመንግሥት ነው። ከአውራጃ አንድ ጓድ መጥተው በዓይናቸው ያያሉ፤ ሆቴል ነው ካሉ በሆቴልነቱ ይቀጥላል፣ ሻይ ቤት ነው ካሉ አሥሩ ክፍል የእህል መጋዘን ይሆናል።

«መጋዘን!» አለ አባቴ። ደብዳቤውን ከእጄ ወስዶ ገልብጦ አየው፣ ከኋላው የተሻለ ነገር ይኖር ይመስል። «እህሉ አልጋ ላይ ሊተኛ፣ ሰው ዝናብ ላይ ሊቆም! ዋላሂ ይኼ ነገር ተገልብጧል።»

በማግስቱ ፍርድ ቤት በር ላይ ከሚቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ ሄዶ አንድ ገጽ አስጽፎ መጣ። አነበብኩት። «አመልካች ከዚህ በላይ በተጠቀሰው አድራሻ አሥር ክፍሎች ያሉት ሆቴል ያለኝ በመሆኑ» ይላል፤ ከዚያ ማክበር፣ ከዚያ ትሕትና፣ ከዚያ ፊርማ።

«አባ፣ እዚህ ውስጥ በርሜሉ የለም» አልኩት።

«የምን በርሜል?»

«በርሜላችን ነዋ! ሹፌሩም የለም። ሙሽሮቹም የሉም። ይሄ እኮ የማንም ቤት ሊሆን ይችላል። ክፍሎቹ ለምን እንደተሠሩ ካላወቁ ትርፍ ናቸው ቢሉ ምን ይፈረድባቸዋል? እኔ ልጻፈው።»

«አንቺ?»

አባቴ ይህን ያለው ሊንቀኝ አይደለም። ፈርቶ ነው። ዞሮ መምህሩን አየ። መምህሩ ከጎጃም ተመድበው የመጡ የአማርኛ አስተማሪዬ ናቸው፤ የሚከራይ ቤት እስኪያገኙ ብለው የያዙት ክፍል አሁን «የመምህሩ» ከተባለ ቆየ። ያን ሰዓት ከቡና ገለባ በወተት የሚፈላውን ሆጃችንን ይዘው በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነበር። ክፍል ውስጥ በእኔ ደብተር ላይ በቀይ የሚጽፉት ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፦ «ይህን ሌላ ሰው ብሎታል። አንቺ የት አለሽ?»

«ትጻፍ» አሉ። «የጸሐፊው ማመልከቻ ከፊት ይሁን፣ የእሷ ከኋላ ይያያዝ።»

«ብትሳሳትስ ጋሼ?»

«ፊደሉን እኔ አርማለሁ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ስሚ አንቺ ልጅ፤ ስለ ሰፊው ሕዝብ እንዳትጽፊልኝ። እሱን ጓዱ ራሳቸው ያውቁታል። ስለ በርሜሉ ጻፊ።»

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ ያን ሳምንት እንደ ፌንጣ ስዘል ነው የሰነበትኩት! ከትምህርት ቤት እየሮጥኩ እመጣና ወጥ ቤት እገባለሁ። ወጥ ሠሪያችን፣ ሁላችንም አዴ የምንላት፣ ከአያቴ ጊዜ ጀምሮ ያለች ብቸኛዋ ሠራተኛ ናት። ሽንኩርት እየከተፈች ታወራለች፣ እኔ የዱቄት ማዳበሪያ ላይ ተቀምጬ እጽፋለሁ።

«የሙሽሮቹን ጻፍሽ?»

«ጻፍኩ።»

«ሙሽራይቱ የኔን ሁልበት ስንት ጊዜ እንዳስጨመረችስ?» ሁልበት ከአብሽ ተመትቶ የሚሠራ ነው፤ አዴ በእሱ አትታማም።

«አዴ፣ ይሄ እኮ ለአውራጃ ነው።»

«አውራጃ አይበላም?»

አልጻፍኩትም። ለአውራጃ አይሆንም ብዬ ተውኩት፤ አዴም ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። ግን ሌላው ሁሉ እየተጠራራ መጣ። «ሜዳው ላይ ይዘፍናል፣ አቀበቱን ሲጀምር ያቃስታል» ብዬ ስጽፍ ብቻዬን ሳቅኩ። ይህን ማንም አላለውም! እኔ ነኝ ያልኩት! ገጹን ለመምህሩ ስሰጣቸው እስክሪብቷቸው አየር ላይ ቆሞ ቀረ። አንድ «ሠ» አስተካከሉና ዝም ብለው መለሱልኝ። ከእሳቸው ይህ ጭብጨባ ነው።

ስምንት ገጽ ሆነ። እኔ ስጽፍ ግን አባቴም በበኩሉ ሥራ ላይ ነበር። አንድ የጫት ነጋዴ «ሆቴል ቁጥር ከሌለው ሆቴል አይባልም፤ ድሬዳዋ ሄደህ እይ» ብሎታል። ስለዚህ እኔ ትምህርት ቤት እያለሁ በሮቹን በሙሉ ነቅሎ ግቢው ውስጥ አጋደማቸው፤ አረንጓዴ ቀባቸው፤ ሲደርቁ ደግሞ ከግቢው በር ጀምሮ እስከ ወጥ ቤቱ በተጋደሙበት ተራ በነጭ ቀለም ቁጥር ጻፈባቸው። ከዚያ ሰቀላቸው። መቼም የእኛ በር ከራሱ መቃን በቀር ሌላ ቦታ አይገባም፤ እያንዳንዱ ወደየቤቱ ተመለሰ።

ከትምህርት ቤት ስመጣ «የሹፌሩ» በር ላይ ስድስት አየሁ። ቀጥሎ ሁለት። ቀጥሎ ዘጠኝ። የአዋላጇ፣ እኔ የተወለድኩበት፣ አሥራ አንድ።

«አባ! ከስድስት ቀጥሎ ሁለት አይመጣም እኮ!»

«ለምን? ሁሉም አለ» አለ ቀለም በቀለም የሆነ እጁን ወደ በሮቹ ዘርግቶ። «አንድም የጎደለ የለም።»

«አሥራ አንድ ከየት መጣ? ክፍሎቻችን አሥር ናቸው።»

እዚህ ላይ አባቴ ቆመ። በጣቱ ቆጠረ። ለካ የከሰል ማስቀመጫውንም በር አብሮ ነቅሎ፣ አብሮ ቀብቶ፣ አብሮ ቆጥሮታል። ከሰሉ አራት ቁጥር ደርሶታል። ነገ ቀለም ገዝቼ አስተካክለዋለሁ አለ። ጓዱ የሚመጡት ሰኞ ነው ተብሎ ነበርና ሁለት ቀን አለን ብለን ተኛን።

የመጡት በማግስቱ፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው።

እናቴ ለሆቴሉ እህል ልትገዛ በደሳ ገበያ ሄዳለች። ጠመዝማዛው ላይ አንድ የመንግሥት ጂፕ እንፋሎት እየተፋ ብቅ አለ፤ አዴ ከወጥ ቤት መስኮት «ቢሻን!» ብላ አቀለጠችው። ሮጥን። ከጂፑ ካኪ የለበሱ፣ ቦርሳ ያነገቱ ሰውዬ ወረዱና እጃቸውን ለሰላምታ ዘረጉ። አባቴ ጣሳውን ይዞ በጎናቸው አለፈ። እኔም ጆንያውን ይዤ አለፍኩ። መምህሩም፣ ሦስት ዓመት ከእኛ ጋር ኖረው የለ፣ ድንጋይ ይዘው አለፉ። ሰውዬው ያንን የተዘረጋ እጅ ትንሽ ካቆዩት በኋላ ቀስ ብለው ወደ ኪሳቸው ከተቱት።

ጂፑ ጠጥቶ ሲያበቃ አባቴ ቀና አለ፣ ቦርሳውን አየ፣ ፊቱ ዓመድ መሰለ።

«ጓድ… አሰላሙ አለይኩም… ማለቴ እንደምን አደሩ!»

«ደህና» አሉ ጓዱ። ድምፃቸው ከተራራው ጉም ይቀዘቅዛል። «ክፍሎቹን ልይ።»

ማመልከቻውን ከአባቴ ተቀብለው ከመጀመሪያው በር ጀመሩ። ስድስት። ሁለት። ዘጠኝ። ወረቀታቸውን አዩ፣ በሩን አዩ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው እንደገና አዩ። የአዋላጇ በር ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«እዚህ አሥር ክፍል ብለዋል። ይሄ አሥራ አንድ ነው።»

«አሥር ናቸው ጓድ፣ በአላህ።»

«አራት ቁጥርንም አላየሁትም። የት ነው ያለው?»

አባቴ አፉን ከፈተ፤ ግን አማርኛው ያን ቀን ጥሎት ሄደ። ክፍል ደብቃችኋል የሚባል ነገር ምን እንደሚያስከትል አንድ ልጅ እንኳ ያውቃል። በመጋዘን ብቻ አይቆምም።

«ማን ደበቀው?» አለች አዴ፤ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣች። «ኮቱ፣ ጓድ፣ ይምጡ! አራት ቁጥር በጣም ጥሩ ክፍል ነው። አልጋ ግን የለውም።» ወደ ጓሮ ወስዳ የከሰሉን በር በረገደችላቸው። ጓዱ አንገታቸውን አስገቡ። ሲያወጡ አፍንጫቸው ላይ ጥቁር ነገር ነበር፤ ማንም ደፍሮ አልነገራቸውም።

«ይሄ ምን ማለት ነው?» አሉ። «ቀልድ ነው? ሰላምታ የለም፣ ተራ የለም፣ ከሰል ቤቱ አራት ቁጥር! ሻይ ቤት እንኳ ተራ አለው።»

ሻይ ቤት ሲሉ እግሬ ራሱ ተራመደ። «ጓድ፣ ከማመልከቻው ኋላ የተያያዘ አለ» አልኩ። «ያንብቡት። ወይም እኔ ላንብብልዎ፤ እጅ ጽሑፌ ትንሽ ያስቸግራል።»

መምህሩ በረንዳው ላይ ወንበር ሳቡላቸው። ጓዱ ሰዓታቸውን አዩ፣ ጂፑን አዩ፤ ሞተሩ ገና አልበረደም። ተቀመጡ። የጋለ ሞተር ያስቀመጣቸው ስንተኛው ሰው እንደሆኑ አላወቁም!

አነበብኩ። መጀመሪያ ስምንቱን ገጽ ከማመልከቻው ለይቼ፣ ቀና ሳልል በለሆሳስ ጀመርኩ፤ «ያቃስታል» የሚለው ጋ ስደርስ የጂፑ ሹፌር ሳቀ፣ ከዚያ በኋላ ድምፄ ተለቀቀ። ስለ አያቴ በርሜል አነበብኩ። ጭቃ ስላቦካው ሹፌር፣ ስለ አዋላጇ፣ ስለ መምህሩም ሳይቀር። እንዲህ የሚል አለበት፦ «በዚህ ቤት ሰው ከመኪናው በፊት ሰላም አይባልም። ንቀት አይደለም። ሰው ቢጠማ ይናገራል፤ መኪና ግን እስኪሰበር ድረስ ዝም ስለሚል ነው።»

ጓዱ ቀኝ እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡና አዩት። እኔ ንባቤን አላቆምኩም። በሮቹ እንዴት እንደተቆጠሩ ስምንቱ ገጽ ውስጥ የለም፤ እሱን በቃሌ ጨመርኩት፤ እንዴት እንደተጋደሙ፣ እንዴት እንደተሰቀሉ። አባቴ መሬት መሬት እያየ ራሱን ይነቀንቅ ነበር።

ስጨርስ ጓዱ ወደ ሹፌራቸው ዞሩ።

«አንተ ይህን ቤት ታውቀዋለህ?»

«አውቀዋለሁ ጓድ። ጉም ሲይዘኝ እዚህ ነው የማድረው። የዝናቡ ውስጥ።»

«የምን ዝናብ?»

«ክፍሉ ነው። ያፈሳል። ግን ባልዲ ይሰጡኛል።»

ያኔ ነው ጓዱ የሳቁት። አፍንጫቸው ላይ ከሰል ይዘው ሲስቁ እኛም አልቻልንም፤ አዴማ ምሰሶ ይዛ ነው የሳቀችው። ከዚያ እስክሪብቶ አወጡ፣ ማመልከቻው ጫፍ ላይ የሆነ ነገር ጻፉ፣ እጃቸውንም ወደ እኔ ዘረጉ። ሊጨብጡኝ መስሎኝ ነበር። ስምንቱን ገጽ ፈልገው ነው።

«ይሄ ከፋይሉ ጋር ይሄዳል» አሉ። «ቤቱ እንዴት ከአንድ ክፍል አሥር እንደሆነ ሌላ ማስረጃ የላችሁም።»

ሌላ ቅጂ አልነበረኝም። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጻፍኩት። ወረቀቱን ትንሽ ይዤ ቆየሁ መሰለኝ፣ መምህሩ ከኋላዬ «ስጪ» አሉኝ በቀስታ። ሰጠሁ። አባቴ ጓዱን እስከ ጂፑ ሸኛቸው፤ አዴም ሮጣ ሄዳ እርጥብ ጨርቅ ሰጠቻቸውና በመኪናው መስታወት አፍንጫቸውን ጠረጉ።

መልሱ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ፈጀ። በእነዚያ ሳምንታት አባቴ ደጅ ላይ ሰው ባየ ቁጥር ይነሳ ነበር። ደብዳቤው ሲመጣ ለእኔ አቀበለኝና ፖስታውን እኔ ቀደድኩት። «ሆቴል፣ አሥር የመኝታ ክፍል» ይላል፣ ማኅተሙም ሰማያዊ ነው። ክፍሎቹ በተራ እንዲቆጠሩ የሚል ትእዛዝ ከታች ነበረበት።

«ድገሚው» አለኝ አባቴ።

ደገምኩለት።

«ሆቴል የሚለውን ብቻ።»

«ሆቴል።»

«አልሃምዱሊላህ» አለና የጭነት መኪና ሳይመጣ፣ ማንም ሳይጠራው፣ ሄዶ በርሜሉን እስከ አፉ ሞላው።

አሁን በሮቹ በተራ ተቆጥረዋል፣ ከአንድ እስከ አሥር። የከሰሉ አራት ቁጥር ግን አልጠፋም፤ አዴ አላስነካም አለች፣ ጓዱን ያስተናገድኩበት ክፍል ነው ብላ። እንግዳ ሲመጣ «ቁጥር ስንት ነኝ?» ብሎ ይጠይቃል፤ «የሹፌሩ ግባ» ይባላል፤ ግራ ይገባዋል፤ በሦስተኛው ቀን እሱም «የሹፌሩን ቁልፍ ስጡኝ» ይላል።

ስምንቱ ገጽ አውራጃው መሥሪያ ቤት ፋይል ውስጥ ነው። መጀመሪያ ስናፍቀው ከርሜ ነበር፣ ሰው እንደሚናፈቅ። አንድ ቀን መምህሩ አዲስ ደብተር ገዝተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። እኔም እንደገና ጻፍኩት፣ ይኸው። ከፊተኛው ረዘመ፤ ምክንያቱም አሁን የማስፈቅደው ጓድ የለም። ስለዚህ አዴ፣ ስሚ፣ ጮክ ብዬ ነው የማነብልሽ፦ ከገለምሶ የመጣችው ሙሽራ በዚያ ሳምንት ሁልበቱን በየምሳው ሦስት ሦስት ጊዜ አስጨምራለች፤ ሙሽራውም ድርሻውን ለእሷ እየሰጠ ከስቶ ነው የሄደው።